የእንጨት ዳኛው ምርኩዝ

በዚህ አገር ከተማ ሲቆረቆር አንድ ሁሉን ዐዋቂ ቀድሞ ይደርሳል። ገና መንገዱ ሳይደለደል፣ ገና ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት፣ እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የሚያርመው ሰው ማለቴ ነው። አንዱ ከተማ የዝናብ ዐዋቂ ይደርሰዋል፣ ሌላው የሕግ፣ ሌላው የሆድ ቁርጠት። ለቡታጅራ የደረሳት የእንጨት ነበር።

የጥድና የወይራ ይግባኝ ሰሚ፣ የዋንዛ ጠበቃ፣ የባህር ዛፍ ደመኛ፣ ክቡር አቶ ሽባባው! በጎልማሳነታቸው ለስልክ ምሰሶ የሚሆን እንጨት እየመረጡ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን መንገድ በእግራቸው ለክተውታል። ጡረታ ወጥተው ቡታጅራ ሲቀመጡ ያን ሁሉ ዕውቀት የሚያራግፉበት ቦታ አስፈለጋቸው። ያገኙትም የሸረፋን የአናጺ ቤት ነው። ሸረፋ ምን በድሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጠዋት ሸረፋ የትናንቱን ሰጋቱራ ጠርጎ ሳይጨርስ ከመንገዱ ማዶ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ምርኩዛቸው ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን በሰው ቤት በቤቱ ሰላምታ ነው የሚገባው ባይ ናቸው። ካፖርታቸውን ያወልቁና፣ በኋለኞቹ ዓመታት፣ ከበሩ ጀርባ ከተደረደሩት አምስት የእንጨት ኩላቦች በሦስተኛው ላይ ይሰቅላሉ። አራቱ ባዶ ቢሆኑም በሦስተኛው ነው። አንድ ደንበኛ ሳያውቅ ኮቱን እዚያ ከሰቀለ፣ አቶ ሽባባው ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ እንደያዙ ሰውየው እስኪሄድ ቆመው ይጠብቃሉ። ከሰቀሉም በኋላ ኩላቡን እንደ ደህና በቅሎ መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ ችሎቱ ይከፈታል።

መጀመሪያ እንጨቱን በምርኩዛቸው ያንኳኩና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ቀጥሎ በጥፍራቸው ይጭራሉ። ያሸታሉ። ጉዳዩ ከከበደ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሳሉ። ከምላስ በላይ ይግባኝ የለም።

«ስማ ሸረፋ» ይላሉ፤ ሸረፋ ይህን ለሺህኛ ጊዜ ይሰማል። «ጠንካራ እንጨት ስትመታው መልሶ ይመታሃል። ለስላሳ እንጨት ስትመታው እሺ ይልሃል። ከእሺ ባይ ደግሞ ቤት አይሠራም።»

«እሺ ጋሼ» ይላል ሸረፋ።

«አየህ! ዝግባ ነህ።»

በእሳቸው ዘንድ እንጨት ሁሉ ዘመድ አዝማድና ታሪክ አለው። ወይራ ድሃ አደግ ነው፤ ዐለት ላይ በቅሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ውሃ ተነፍጎ ስለሚያድግ መጋዝ ይሰብራል። ባህር ዛፍ ከተሜ ነው፤ ቶሎ ይመዘዝና ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ዝግባ የባለሥልጣን ልጅ ነው፤ ቁመቱ ያምራል፣ ችግር አያውቅም፣ መሬት ከነካው ይበሰብሳል። ጥድ ግን ለሰው ለስላሳ፣ ለምስጥ መራራ የሆነ መነኩሴ ነው። ኮርችን ሲጠየቁ ፊታቸውን ያዞራሉ። «እሱ እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ወሬ ነው።»

የፍርዳቸው ሁሉ መዝጊያ አንድ ነበር። «እንጨት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሻጩ ነው።» ይህን የሚሉት ደግሞ ሸረፋ አልጋ ወይም ሣጥን ሊሸጥ ከደንበኛ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ በቆመበት ሰዓት ነው።

በየትም ቦታ ከዳኝነታቸው የሚያመልጥ አልነበረም። ሠርግ ቤት ሰው የተቀመጠበትን አግዳሚ አንኳኩተው «ብሳና ነው፤ እናንተ ወፈር ያላችሁት ተነሱ» ብለው የሙሽራውን አጎቶች አቁመዋል። ለአቤቱታ በገቡበት ቢሮ የጸሐፊውን ጠረጴዛ ዳብሰው «ቀለም ባይቀባ ኖሮ ባህር ዛፍነቱን ባልደበቀ» ስላሉ ጉዳያቸው ለሌላ ቀን ተቀጥሯል። የወይዘሮ መንበረ ባል በሞተ ጊዜ ደግሞ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቋ፣ ቋ ሲያደርጉ ለቀስተኛው በድንጋጤ ልቅሶውን አቋረጠ። አቶ ሽባባው ቀና ብለው «አይዞሽ መንበረ፣ ዋንዛ ነው። ምስጥ አይደፍረውም» አሏት። ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገችና «እውነትዎን ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ ከመጀመሪያው የሰከነ ነበር ይላሉ።

የሸረፋን ትዳር እንኳ አልማሩትም። አንድ ቀን ሚስቱ ከድጄ ጓሮ በርበሬ ስትወቅጥ ደርሰው ሙቀጫውንና ዘነዘናውን በየተራ አንኳኩ።

«ሙቀጫው ዋንዛ፣ ዘነዘናው ወይራ። ለስላሳና ጠንካራ። ይህ ጋብቻ ይከርማል።»

«የእኛን ነው የሙቀጫውን?» አለች ከድጄ።

«ሁለቱንም።»

«ታዲያ ዘነዘናው ማን ነው?»

አቶ ሽባባው በር ላይ የቆመውን ሸረፋን አዩት። እሷን አዩ። «ልጄ፣ ይህንስ ለመለየት ማንኳኳትም አያስፈልግም» ብለው ሄዱ። ከድጄ ለሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ቀን ብቻዋን ስትስቅ ተገኘች።

ከትርኢታቸው ሁሉ የከተማው ሰው የሚወደው ግን የበርሜሉ ነበር። በአናጺው ቤት ደጃፍ አንድ የውሃ በርሜል አለ። የገበያ ቀን ሰው ሲበዛ አቶ ሽባባው ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩና በርሜሉ ውስጥ ይለቁታል። ጥልቅ! እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። «አያችሁ? ወልቂጤ አጠገብ ዋቤ ወንዝ ዳር ራሴ የቆረጥሁት ወይራ ነው። ወይራ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ኩሩ ነው።» እጅጌያቸውን እስከ ብብታቸው ይጠቀልሉና ያወጡታል። ሰዉ ያጨበጭባል። በሚቀጥለው ገበያ ያው ሰው ያንኑ ትርኢት እንደ አዲስ ያያል።

ይህ ትርኢት እስከ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ድረስ ነበር።

በዚያ ዓመት ወልቂጤ የተዳረችው ልጃቸው እሌኒ ወለደች። አቶ ሽባባው ለክርስትናው ሲሄዱ ምርኩዛቸውን፣ ጫፉን ብረት እንዲያለብሰው፣ ለሸረፋ አደራ ሰጡት። ሸረፋም ግድግዳው ጥግ፣ ለኩላብ ካዘጋጃቸው የወይራ ዘንጎች ጋር አቆመው። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ኩላብ ፈልጎ መጣ፤ ሸረፋ እያወራ እጁን ዘረጋ፣ ዘንጉን መጋዙ ሥር አስገባ፣ ቆረጠ፣ ቆረጠ። አራተኛውን ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረችው አምስተኛዋ ቁራጭ የአቶ ሽባባው መዳፍ ሠላሳ ዓመት ያለሰለሳት የምርኩዙ እራስ ነበረች።

«ያ አላህ!» አለ ሸረፋ። ደንበኛው ኩላቦቹን ሳይወስድ ሄደ፤ አናጺው የታመመ መስሎት።

ወይራ ጫካ ሄዶ ሌላ መቁረጥ ይቻላል፤ ማድረቅ ግን አይቻልም። እርጥብ ወይራ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ለመሆን ዓመታት ይፈልጋል፤ አቶ ሽባባው ግን የሚመለሱት በአሥር ቀን ነው። የኩላብ ዘንጎቹ ለምርኩዝ ያጥራሉ፤ በቤቱ የነበረው ሌላ ደረቅ ቀጥ ያለ እንጨት ዝግባ ብቻ ነበር። ሸረፋ ዝግባውን ጠርቦ፣ እራሱን ከአሮጌው ጋር እያስተያየ አሞልሙሎ፣ በከድጄ ማጀት ጢስ ላይ ሰቅሎ አጠቆረው። ቅቤ አሸው። እንዳይቀል ብሎ ጫፉን ሁለት ጣት የሚወፍር ብረት አለበሰው። አምስቱን የወይራ ቁራጮች ሊጥላቸው አልቻለም፤ ለሌላ ሰው መስጠትም አሳፈረው። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ቸነከራቸው።

አቶ ሽባባው ተመልሰው መጡ። ምርኩዙን ተቀበሉ። መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱ። ሸረፋ የሚናገሩትን ጠበቀ። ስለ አንድ የማንኪያ እጀታ ሙሉ ረፋድ የሚናገሩት ሰው ያን ቀን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«መልካም» አሉ።

ካፖርታቸውን አውልቀው አዲሶቹን ኩላቦች ለአፍታ ተመለከቱና በሦስተኛው ላይ ሰቀሉ።

ሸረፋ በመጀመሪያ ትንፋሹ ተመለሰ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ራሱ የሚያሳፍረው ትንሽ ንቀት። ሰውየው አያውቁም! የእንጨት ዳኛው የራሳቸውን ምርኩዝ አይለዩም! ከዚያ በኋላ ሲፈርዱ «እሺ ጋሼ» ይላል፤ በልቡ ግን «የያዙት ዝግባ ነው እኮ» ይላል። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ከጭነት መኪና ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት ለምነው ምርኩዛቸውን ሲያጠጡት ሲያይ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይስቃል። ለወይራ ደግሞ ዘይት ምን ሊያደርግለት!

የበርሜሉ ትርኢት ቀረ። የገበያ ሰው ቢለምናቸው «እጄ ቀዝቃዛ ውሃ አልቻለም» ይላሉ። ሸረፋ በእያንዳንዱ የገበያ ቀን በልቡ አልሀምዱሊላህ ይል ነበር።

«ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» ትለዋለች ከድጄ።

«ምን ብዬ? እንጨት ዐዋቂው እንጨት አይለዩም ብዬ?»

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ከማሉ የሚባል የመስቃን ገበሬ ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ ቤት ጀመረ። የቤቱ አናጺ ሸረፋ ነው። በዚያ አገር ክብ ቤት ሁሉ ነገሩ የመሐል ምሰሶው ነው፤ ጣሪያው ሁሉ እሱ ላይ ይሰበሰባል፣ ከሥሩም ልጆች ይተኛሉ። ከማሉ ምሰሶውን ከእንሴኖ ገበያ ጥድ ነው ተብሎ ገዝቶ አመጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በጢስ የጠቆረ፣ ሥሩም ለምስጥ እንዲመር በእሳት የተለበለበ ነበር። የጠቆረ እንጨት ካሮጌ ቤት የወጣ፣ የተፈተነ ነው ብሎ ሰው ያምናል። ሸረፋም አይቶ «ጥድ ነው» ብሎ ነበር።

ምሰሶው በሚቆምበት ቀን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ገመድ ይዞ ወጣ። የከማሉ አባት ሐጂ ሙሀመድአወል ዱዓ አደረጉ፤ ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ቅቤ ተቀባ። በእሳቸው ቤት ወግ፣ ቅቤ የተቀባ ምሰሶ ብረት አይነካውም። ከቆመም በኋላ አይወርድም፤ ምሰሶ ማውረድ ባለቤቱን ማውረድ ነው።

እንግዲህ ገመዱ ታስሮ፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ እያለ ነው ኳ፣ ኳ የሚለው ድምፅ የተሰማው። ተጋባዥ ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄዱ። አንኳኩ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይህ አይቆምም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው አቶ ሽባባው?» አለ ከማሉ። «ሰው ተሰብስቧል፣ በግ ታርዷል!»

«በጉን እንበላለን። ምሰሶው ግን ዝግባ ነው። ሦስት ክረምት ይቆማል፤ በአራተኛው ምስጡ ከሥር ጨርሶት ጣሪያው በልጆችህ ላይ ይመጣል።»

«ጥድ ብሎ ነው እኮ የሸጠልኝ!»

«እንጨት አይዋሽም...» ብለው ሲጀምሩ ገመድ የያዘው ሁሉ በአንድ አፍ «የሚዋሸው ሻጩ ነው!» ብሎ ጨረሰላቸውና ሳቀ።

የከማሉ ታናሽ ወንድም ሙስተፋ ወደ ፊት ወጣ። አለማያ እርሻ ኮሌጅ የሚማር፣ ለእረፍት የመጣ ወጣት ነው። አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ ማጉያ መነጽር አለው፤ ከመጣ ጀምሮ አውልቆት አያውቅም።

«አባባ ሽባባው፣ ይህ በሳይንስ ይለያል» አለ። «ቅጠለ ሰፊው ዛፍ ጠንካራ እንጨት ይባላል፤ ሲቆረጥ ፊቱ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ቀዳዳ አለው። መርፌ ቅጠሉ፣ እንደ ጥድ ያለው፣ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳ የለውም።»

«ኮርችስ?»

«ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ከጠንካራዎቹ ይመደባል።»

«በል እንግዲህ ከኮርች ቤት ሥራና እዚያ ውስጥ ተማር!»

ሰዉ ሳቀ፤ ሙስተፋ ቀላ። ተንበርክኮ የምሰሶውን ሥር ከሰል በጥፍሩ ፈገፈገና በመነጽሩ አየ። «ቀዳዳ የለውም። ጥድ ነው» አለ።

«ዝግባስ ቀዳዳ አለው?»

ሙስተፋ መነጽሩን አወረደ። «የለውም።»

«እንግዲያ መስተዋትህ ሁለቱን አይለይም።»

«የእርስዎ ጆሮስ ይለያል? እስቲ ያንን ምርኩዝ ያምጡት። ምንድን ነው?»

አቶ ሽባባው ምርኩዙን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ምርኩዝ ነው» አሉ።

«ወይራ ነው እንጂ! ከተማው ሁሉ ያውቀዋል» አለ ከማሉ፣ እና በትሕትና ከእጃቸው ወሰደው። ሙስተፋ ከኪሱ ምላጭ አወጣ፤ የምርኩዙን እራስ ትንሽ ላጥ አድርጎ መነጽሩን ደገነ። ሸረፋ የያዘውን የገመድ ጫፍ ለቀቀ።

«ቀዳዳ የለውም!» ሙስተፋ ጮኸ። «ይህ ወይራ አይደለም! ለስላሳ እንጨት ነው!»

መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያላየውም አየሁ አለ። ሀቢቡ የሚባለው የሰፈሩ ቀልደኛ ገመዱን ለቆ ጭኑን መታ። «ወላሂ፣ የእንጨት ዳኛው በሐሰተኛ ምስክር ሲፈርዱ ኖረዋል!»

ሳቁ እስኪያባራ ጊዜ ወሰደ። አቶ ሽባባው መሬት መሬት አዩ። ምርኩዝ በሌለበት እጃቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው፤ ሸረፋ እንዲህ አርጅተው አይቷቸው አያውቅም። አንድ ዐረፍተ ነገር ነጻ ያወጣቸው ነበር። «ምርኩዜን ለአናጺው ሰጥቼ ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

ከማሉ ወደ ሸረፋ ዞረ። «አናጺው አንተ ነህ። ምን ትላለህ? ይቁም?»

ዝም ቢል ምሰሶው ይቆማል። ሥራው ይመሰገናል፣ ምስጢሩም ይቀበራል። ጥድ ነው ብሎ የፈረደውም እሱ ራሱ ነው። ሸረፋ ጉድጓዱን አየ፤ ከጉድጓዱ ዳር ፍየል የሚያባርሩትን የከማሉን ሁለት ሴት ልጆች አየ።

«ምርኩዙን የለወጥሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልህ?»

«ወይራቸውን በስህተት ቆርጬ ኩላብ አደረግሁት። ከዝግባ ሌላ ሠርቼ፣ በጢስ አጥቁሬ ሰጠኋቸው። ልክ እንደዚህ ምሰሶ። እኔ ለአንድ ሰው ያደረግሁትን፣ የእንሴኖው ሻጭ ለእኛ አላደረገም ትላላችሁ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ከማሉ ግን እጁን አወዛወዘ። «ይህማ ጭራሽ የባሰ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ይዘውት አላወቁትም ማለት ነው። የእጃቸውን ዝግባ ያላወቁ የእኔን ያውቃሉ?»

ሸረፋ ምርኩዙን አየ። ልክ ነው እኮ። እሱ ራሱ በልቡ ሲስቅበት የኖረው ይኸው ነው። በየሰኔው ዘይት ሲያጠጡት፣ ወይራ የማይጠጣውን ዘይት... ዝግባ ግን ያለ ዘይት ክረምት አይችልም!

«ሐጂ» አለ ድንገት ወደ ሽማግሌው ዞሮ፤ «በርሜሉን ያስታውሳሉ?»

«እንዴት አላስታውስ! ከልጆች ጋር ተሰልፌ አይቻለሁ።»

«መቼ ነው ያቆሙት?»

ሐጂ ሙሀመድአወል አሰቡ። ሌሎቹም አሰቡ። «ስድስት ዓመት ሆነው» ያለ አልጠፋም። ዝግባ እንደሚንሳፈፍ የማያውቅ ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ሳቁ እንደ ውሃ ሰረገ።

ሸረፋ ወደ አቶ ሽባባው ቀረበ። «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«ሦስተኛው እርምጃ ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አናጺው ወይራና ዝግባ አይለይም ብዬ? ደግሞስ ከሰው ሁሉ ፊት የምንከራከርበት ቤትህ ነው፤ እንጀራህ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምርኩዜስ መች ጠፋብኝ? መሐለኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ እጄ የሚያውቃት ቁራጭ ናት። ካፖርቴን ትይዝልኛለች።»

ሸረፋ ስንት ዓመት የሳቀውን ሁሉ አንድ ላይ ዋጠው።

ሐጂ ሙሀመድአወል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀማው ስሙኝ። እኚህ ሰው በዚህ አገር አፋቸውን ያላስገቡበት እንጨት የለም። የሬሳ ሣጥን እንኳ አልማሩም። አንድ እንጨት ብቻ ስድስት ዓመት ዝም አሉ፤ ያውም የገዛ ራሳቸውን። ለመናገር ብሎ የሚናገር ሰው ይህን አይችለውም። ሙቅ ውሃና ሳሙና አምጡ።»

«አባባ፣ ቅቤ ተቀብቷል እኮ!» አለ ከማሉ።

«ብረት አይንካው አልን እንጂ ሳሙና አይንካው ያለ አባት የለኝም።»

ውሃው መጣ። አሹት። ቅቤው ወረደ፤ ጥቁሩ ጢስ ተከትሎት ወረደ። ከሥሩ የወጣው እንጨት እንደ በቆሎ ገለባ የገረጣ ነበር፤ የጥድ ቅላት የለው፣ የጥድ ሽታ የለው። ሀቢቡ አጎንብሶ አሸተተና «የሚሸተኝ ሳሙና ብቻ ነው» አለ። የሳቀ የለም። ከማሉ ሴት ልጆቹን ጠርቶ ያለ ምክንያት አጠገቡ አቆማቸው።

ሙስተፋ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ መለሰላቸው። «አባባ ሽባባው፣ በምን ዐወቁት?»

«አንጓ ፈልግ እስቲ» አሉት። «በዚህ ሁሉ ቁመት አንጓው ስንት ነው? ጥድ እዚህ ለመድረስ ሃያ ቦታ ይቋጠራል፤ ቅርንጫፉ ከሥር ይጀምራል። ይህ እንዲህ ተስተካክሎ የወጣው ችግር ስላልነካው ነው። መስተዋትህ ደህና ነው፤ ግን በጣም አታስጠጋው። አንዳንዱ እንጨት ራቅ ብሎ ነው የሚታየው።»

ሙስተፋ ይህን በደብተሩ ጻፈው። በጉ ተበላ። በሳምንቱ ከቸሃ የመጣ፣ ጠማማ፣ አንጓው የበዛ፣ ሸተት የሚል ጥድ ቆመ፤ ከማሉም ምሰሶው መልከ ጥፉ ነው እያለ በሰው ሁሉ ፊት ይኮራበት ጀመር።

ሸረፋ በበኩሉ ዋቤ ወንዝ ድረስ ሄዶ ወይራ ቆረጠ። ጠረበ፣ አለሰለሰ፣ እራሱን ከአሮጌው ቁራጭ ጋር አስተያይቶ ሠራ። አንድ ጠዋት ለአቶ ሽባባው በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

አንኳኩት። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ቀመሱት።

«ወይራ ነው» አሉ። «ግን ጥሬ ነው። ስድስት ዓመት ይድረቅ።»

«ጋሼ፣ ስድስት ዓመት?» ሸረፋ የሰውየውን ዕድሜ በልቡ አሰበ።

«እኔ የጠበቅሁህን ያህል ጠብቀኝ እንጂ!»

ወይራው ከማጀቱ ጢስ በላይ ተሰቀለ። ከድጄ በየወሩ እያገላበጠች፣ እየወቀሰች አደረቀችው። አቶ ሽባባውም በዝግባቸው ኳ፣ ኳ እያሉ መምጣታቸውን፣ የሸረፋን ደንበኞች ማስደንገጣቸውን ቀጠሉ። ሸረፋ አሁንም «እሺ ጋሼ» ይላል፤ በልቡ የሚጨምርበት ግን አልነበረም።

ስድስተኛው ዓመት የሞላው በስድሳ ስድስት ነው። ያን ዓመት የአገሩ የመሐል ምሰሶ ራሱ መነቃነቅ ጀምሮ፣ ሰው በየደጃፉ ሬዲዮ ከቦ ይውላል፤ ምሰሶው ጥድ ይሁን ዝግባ ማንም ገና አልለየም። አቶ ሽባባው ግን ቀጠሮ አልረሱም። እጅግ አርጅተው፣ በሁለት ሰው እየተደገፉ ደረሱ። ካፖርታቸውን በሦስተኛው ኩላብ ላይ ሰቀሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ሸረፋ ወይራውን አወረደ። እሳቸው ተቀብለው አላንኳኩትም፤ አልቀመሱትም። ወደ ደጃፍ ወጥተው በርሜሉ ውስጥ ለቀቁት።

ጥልቅ።

ሬዲዮ የከበበው ሰው ዞር ብሎ አጨበጨበ። ሸረፋ እጅጌውን እስከ ብብቱ ጠቅልሎ አወጣላቸው። አቶ ሽባባው በወይራው ተደግፈው ቀና አሉና ዝግባውን ለእሱ ዘረጉለት።

«ይህን ደግሞ አንተ ያዘው፤ ማርጀትህ አይቀርም። በየሰኔው ዘይት አጠጣው» አሉት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ሰው ሲያይህ ግን ወይራ ነው በል።»